ፔፐር ውሃ ያጣችበት ቀን

ዴሊያ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት። የምትኖረው አሜሪካ፣ ነብራስካ ውስጥ፣ ከእናቷ ከሎርናና ከአምስት ዓመቱ ወንድሟ ከኦወን ጋር ነው።

እናቷ ልጆቿ መልካም ልማድ እንዲይዙ ብላ ፍሪጁ ላይ ሰንጠረዥ ሰቅላለች። አልጋውን ያነጠፈ ሰንጠረዡ ላይ የወረቀት ኮከብ ይለጥፋል፤ ጥርሱን የቦረሸም እንደዚያው። ዴሊያ ደግሞ ጠዋት ጠዋት ጓሮ በሽቦ ቤቷ ውስጥ ለምትኖረው ለኦወን ጥንቸል ለፔፐር ውሃ ስትቀዳ ኮከብ ታገኛለች። ሳምንቱ በኮከብ ከሞላ ቅዳሜ ዋና ይኬዳል። እናንተም ብትሆኑ ዋናው ያጓጓችሁ ነበር፤ አውቃችኋለሁ።

እዚያ አገር በጋ በሆነበት በሐምሌ ወር አንድ ዓርብ ጠዋት ዴሊያ ካርቱን እያየች ሳለ ውሃው ትዝ አላት። ጓሮ ድረስ መሄድ ግን ታከታት። ኋላ እቀዳለሁ ብላ ኮከቡን ለጠፈች። እናቷም ሰንጠረዡን አይታ፣ ጎበዝ ብላ ሳመቻት። ዴሊያ ከዚያ በኋላ ውሃውን ረሳችው።

የዚያን ቀን ሙቀት ለሰውም አይቻልም ነበር። ከሰዓት በኋላ ኦወን ጓሮ ሲወጣ ፔፐርን ሞታ አገኛት።

ጠዋት ቁራሽ ፖም ሰጥቷት ነበርና፣ የገደልኳት እኔ ነኝ እያለ ያለቅስ ጀመር። እናቱ ብታባብለውም አልሰማ አላት። ዴሊያ ባዶውን የውሃ ሳህን አየች። ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም። ዝም አለች። ልጆች፣ ይህን ስነግራችሁ ያሳዝነኛል።

እራት ላይ እናታቸው ኦወንን ለእህቱ ዳቦ እንዲያቀብላት ጠየቀችው። እጁን ከጠረጴዛው ሥር ደበቀ።

«አልሰጣትም» አለ። «እኔ የሰጠሁት ይሞታል።»

ዴሊያ ከዚህ በላይ አልቻለችም።

«ኦወንዬ፣ ፖሙ አይደለም» አለች እያለቀሰች። «ውሃ አልቀዳሁላትም። ኮከቡን በውሸት ነው የለጠፍኩት።»

ኦወን ትክ ብሎ አያት። «ጠምቷት ነበር?»

«አዎ።»

ሄዶ እናቱ ጉያ ውስጥ ተሸጎጠ። እናታቸው አልተቆጣችም። እሷም ኮከቡን እንጂ ሳህኑን ሄዳ እንዳላየች ነገረቻቸውና አብራቸው አለቀሰች።

ዴሊያ እግዚአብሔርንም እናቷንም ወንድሟንም ይቅርታ ለመነች። እናቷ በዚያው ቀን ይቅር አለቻት። ኦወን ግን ትንሽ ልጅ ነውና ጊዜ ወሰደበት። አንዳንዴ ጨዋታውን አቋርጦ፣ ጠምቷት ነበር ወይ ብሎ ይጠይቃታል። ዴሊያም ልቧ እየተሰበረ፣ አዎ ትለዋለች።

ልጆች፣ ያልሠራነውን ሠራን ብንል ሰው ሊያምነን ይችላል፤ የጠማው ግን እንደ ጠማው ይቀራል።