የመዳቡ ሰው ምስክርነት

ንጉሡ በነገሡ በአሥራ ስምንተኛው ዓመት፣ የዝናቡ ወራት አብቅቶ የከተማይቱ መንገዶች ጭቃቸው ገና ሳይደርቅ፣ ሰውነትን በቀጭን መርፌ እየወጉ የሚፈውሱ የመርፌ ሐኪሞችን የፈቃድ ሕግ ለማደስ በሕክምና ሹሙ አዳራሽ ጉባኤ ተቀመጠ፤ ከመስኮቱ ሥር ብርዕና ቀለም ይዛ የተቀመጠችውን ጸሐፊ ግን ልብ ብሎ ያያት አልነበረም። ይህም ለእርሷ ይመቻት ነበር።

አሮጌው ሕግ አጭር ነው፤ የቤተ መንግሥት ሐኪሞች መላውን ሰውነት በመርፌ ያክሙ፤ የመንደር ሐኪሞች ግን ከትከሻ በላይ መርፌ አያሳርፉ ይላል። የጸሐፊዋ አባት የመንደር ሐኪም ነበሩ። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት የቤተ መንግሥት ሐኪሞች አለቃ ሊቀ ሐኪሙ ወር ሙሉ ሞክረው ያቃታቸውን የአንዲት ሸማኔ የተጣመመ ፊት፣ አባቷ ከጆሮ ግንዷ ሥር እየወጉ በሦስት ቀን አቀኑት። ሴትዮዋ ገበያ መሐል ስትስቅ በታየች ጊዜ ሊቀ ሐኪሙ አንጀታቸው አረረ፤ ሕግ ተጥሷል ብለው ሰውየውን በዚሁ አዳራሽ በሕዝብ ፊት አቁመው ዘጠኝ መርፌዎቻቸውን አንድ በአንድ ሰበሩባቸው፤ ፈቃዳቸውንም ቀደዱት። አባቷ ከዚያ ወዲያ እጃቸውን ጭናቸው ላይ እንዳስቀመጡ ሦስት ዓመት ኖረው ሞቱ። ልጅቱ ያን ቀን ከወለሉ ያነሣችውን አንድ ስባሪ በቀሚሷ ጠርዝ ሰፍታ ያዘችው፤ ቂሟንም እንዲሁ።

«እንግዲህ የሥራው ወሰን በማዕረግ መሆኑ ቀርቶ በፈተና ይሁን ብለናል» አሉ ሹሙ። «ማን ማን ይፈተናል?»

«አዲስ ገቢዎቹ ናቸዋ!» አሉ ሊቀ ሐኪሙ ጢማቸውን እያሻሹ። «እኛማ ይኼ ሁሉ ሽበት በምን ወጣና!»

ጉባኤው ሳቀ። ጸሐፊዋ ብድግ ብላ እጅ ነሣች።

«ጌታዬ፣ ካልከፋዎት አንድ ነገር ልጠይቅ። አዲስ ገቢው ‹ታላላቆቼስ ተፈትነዋል ወይ?› ቢል ምን ብዬ ልጻፍ?»

ሹሙ ፈገግ አሉ። «እውነትሽን ነው። ‹በዕድሜም በማዕረግም የሚቀር የለም› ብለሽ ጻፊ። ሊቀ ሐኪም፣ መቼም ለእርስዎ ይኼ ውኃ መጠጣት ነው፤ ይጀምሩልንና ሌላው ይከተል።»

«ምን ገዶኝ» አሉ ሊቀ ሐኪሙ፤ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ሌላ ምን ይበሉ? ጸሐፊዋ ግን የሕመምተኞቻቸውን መዝገብ ስትገለብጥ ስለ ኖረች አንድ ነገር ታውቃለች፤ ሊቀ ሐኪሙ የሚወጋውን ቦታ ለረዳቶቻቸው በጣታቸው ያሳያሉ እንጂ ራሳቸው መርፌ ከያዙ አሥር ዓመት አልፏቸዋል።

መፈተኛው ቁመቱ ቁመተ ሰው የሚያህል የመዳብ ሰው ነበር፤ የሚወጉት ቦታዎች ሁሉ ተበስተው ላዩ በሰም ይለበጣል፤ ሆዱ ውኃ ይሞላል። መርፌው ቦታውን ካገኘ ውኃ ይንጠባጠባል፤ ከሳተ ከመዳቡ ጋር ይጋጫል።

በፈተናው ጧት ሰሙን የለበጠችው ጸሐፊዋ ናት። ከጆሮ ግንዱ ሥር ያለችውን ቀዳዳ በስንጥር ብትደፍናት ማን ያውቃል? ስንጥሩን አንሥታ ቀዳዳዋ አፍ ላይ አደረሰችው። ኋላ ወረወረችው።

«እንዲህማ ባደርግ ተበደሉ ብሎ የሚያለቅስላቸው ያገኛሉ» አለች ለራሷ። «በገዛ እጃቸው ይውደቁልኝ።»

አዳራሹ ጢም ብሎ ሲሞላ የመጀመሪያውን ጥያቄ አነበበች፤ ጥያቄውንም የጻፈችው እርሷ ነበረች።

«ፊቱ ለተጣመመ ሕመምተኛ ከጆሮ ግንዱ ሥር የሚወጋውን ቦታ ያሳዩ።»

ሊቀ ሐኪሙ ወጉ፤ መዳቡ ቂው አለ። ዳግመኛ ወጉ፤ ቂው። በሦስተኛው መርፌው ተሰብሮ ወደቀ፤ ውኃ የሚባል ጠብ አላለም። ጸሐፊዋ ስባሪውን አነሣችና በሁለት እጇ አቀረበችላቸው።

«አሥረኛው ነው፣ ጌታዬ፤ ዘጠኙን እዚሁ ቆመው ሰብረዋል።»

ሊቀ ሐኪሙ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷን አስተውለው አዩት። «የማን ልጅ ነሽ?»

«ሸማኔዋን ያሣቋት የመንደር ሐኪም ልጅ ነኝ።»

ሽማግሌው ወንበር ሳይፈልጉ ወለሉ ላይ ቁጭ አሉ። ጸሐፊዋም አላዘነችላቸውም፤ አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። በዚያው ቀን ሕጉ ላይ ማኅተም ታተመበት፤ ፈተናውን ያለፈ የመንደር ሐኪም ሁሉ ከትከሻ በላይ እንዲያክም ተፈቀደለት፤ ሊቀ ሐኪሙም ፈቃዳቸውን አስረክበው ቤታቸው ገቡ።

ዘመን አለፈ፤ ሹሙም ሊቀ ሐኪሙም ሞቱ። የንጉሡ ታሪክ ጸሐፊም የዘመኑን ነገር ሲጽፍ እንዲህ አለ፤ «ሊቀ ሐኪሙ፣ ሕጉን አፍልቀው ያሳደሱ ታላቅ ሰው፣ ከትሕትናቸው ብዛት የመጀመሪያው ተፈታኝ ሆኑ፤ ለተተኪዎቻቸውም አርአያ ይሆኑ ዘንድ መርፌያቸውን በፈቃዳቸው አኖሩ።» ስለ መንደሩ ሐኪም አንዲት ቃል የለበትም፤ ስለ ሸማኔዋ ሣቅም እንዲሁ።

መጽሐፉን በንጹሕ ብራና እንድትገለብጥ የታዘዘችው፣ ፀጉሯ የሸበተው ያቺው ጸሐፊ ነበረች። የጸሐፊ ሥራዋ ነውና ቃል ሳትጨምር ቃል ሳትቀንስ ገለበጠችው። ብርዕዋን አስቀምጣ የቀሚሷን ጠርዝ ዳበሰች፤ ስባሪው እንደ ተሰፋ ነው፤ በሊቀ ሐኪሙ ውድቀት ቀን የበረደ የመሰላት ቂሟም እንደ አዲስ ነደደ፤ የምትበቀለው ሰው ግን አልነበረም።