አውሮራ ላይ ባሕሩ ሲሸሽ

እኔ እኮ ሰው ስለ መንፈስና ስለ ጥላ ማውራት ሲጀምር ስልኬን አውጥቼ የነገውን የአየር ሁኔታ የማይ ዓይነት ሰው ነኝ። የምኖረው ዴንቨር አጠገብ፣ ባሕር በሌለበት አውሮራ ነው፣ የምሠራው ደግሞ እዚያው አካባቢ፣ እንግልውድ አንድ ሆስፒታል ውስጥ በሽተኛ በመንከባከብ ነው፣ ማንም የሌለበት ክፍል ውስጥ የሚጮኽ ደወልም፣ ራሱን የሚከፍት በርም አይቻለሁ፣ ሁሉም ተመርምሮ የሽቦ ወይም የቧንቧ ችግር ነው የተባለው፣ እኔም አምኜ ወደ ሥራዬ ሄጃለሁ። ስለዚህ ይሄንን ስነግራችሁ እኔም ራሴን እየታዘብኩ መሆኑን እወቁልኝ።

ነገሩ የጀመረው በባለቤቴ በዳዊት ነው። ዳዊት ኤርፖርት ታክሲ ይነዳል፣ ወንድሙ ደግሞ ኦሪገን፣ ባሕር ዳር ያለች ትንሽ ከተማ ውስጥ ነው የሚኖረው፣ ሊጠይቀው ቢሄድ ወንድሙ ባሕሩ ሲሸሽ ድንጋዮቹ መሀል የሚቀሩትን ኩሬዎች አሳየው፣ በቃ፣ ሰውየው ተለከፈ። ቤት ሲመለስ "ገንዳ እሠራለሁ" አለ። እኔ ጥርስ ሐኪም ቤት እንደምናየው ቢጫና ሰማያዊ ዓሣ መስሎኝ ደስ አለኝ፣ እሱ ግን "አይ፣ ያ የሞቃት ባሕር ነው፣ የኔ ውኃ ፍሪጅ ውስጥ እንዳለ መቀዝቀዝ አለበት" ብሎ ከቤቱ ሥር ወዳለው ክፍል፣ ቤዝመንት፣ አወረደው። ትንሽዬ የመስታወት ገንዳ ናት፣ ክንዳችሁን ብትከቱ ክርናችሁ ሳይደርስ ታችዋን ትነካላችሁ። ውኃውን የሚያቀዘቅዝ መሣሪያ ገጠመላት፣ ፓምፕ ገጠመላት፣ ጨው በጥብጦ ሞላት፣ ለሳምንታት ድንጋይና ውኃ ብቻ ሆና ስትንሾካሾክ ከረመች፣ ነፍስ ያለው ነገር ከመግባቱ በፊት ውኃው መብሰል አለበት ይላል፣ በኋላ ተመልሶ ሄዶ፣ ፈቃድ አውጥቶ፣ ከተፈቀደለት ሳያልፍ ለቃቅሞ፣ በዋዮሚንግ በኩል ሲነዳ ቆይቶ ቅዝቃዜ በሚይዝ ሣጥን፣ በኩለር፣ ይዟቸው መጣ። እንደ አበባ የሚከፈቱና የሚዘጉ አኒሞን የሚባሉ ፍጥረቶች፣ ድንጋይ ላይ የተጣበቁ ጥቋቁር ዛጎሎች፣ ቀንድ አውጣዎች፣ ደግሞ የሌላውን ባዶ ቤት በጀርባዋ ተሸክማ የምትዞር አንዲት ሸርጣን። ሸርጣኗን፣ እውነቴን ነው፣ ወደድኳት።

ከእኔ ይበልጥ የወደዱት ግን አባባ ናቸው፣ አብረውን የሚኖሩት አባቴ። አባባ በወጣትነታቸው ባሕር ኃይል ነበሩ፣ ምጽዋ፣ መርከብ ላይ የሞተር ሰው። እኔ አዲስ አበባ ከእናቴ ጋር ነው ያደግኩት፣ ስለዚያ ዘመን ብጠይቃቸውም አይነግሩኝም ነበር፣ ከዚያ ስትሮክ መታቸውና አንድ እጃቸው ሰነፈ፣ የሚናገሩበት አፍም ቀረ። ከ"እሺ" እና ከ"ይሁን" ሌላ ቃል አይወጣቸውም። ገንዳዋ ከገባች በኋላ ግን ጠዋት ጠዋት በእጃቸው ወደ ደረጃው ያመለክቱኛል፣ ደግፌ አወርዳቸዋለሁ፣ ወንበራቸው ላይ ሆነው ሲያዩ ይውላሉ።

ነገሩ የሆነው ቅዳሜ ቀን ነው፣ ዐቢይ ጾም ገብቷል፣ እኔ ዕረፍት ነኝ። የዴንቨርን የመጋቢት በረዶ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፣ እርጥብና ከባድ፣ ዛፍ የሚገነጥል። ዳዊት ኤርፖርት እንደሄደ መንገዱ ተዘጋበት። ከምሳ በኋላ ከአባባ ጋር ቤዝመንት ቁጭ ብለን ውጭ የሆነ ነገር ቋ አለና መብራቱ ድርግም፣ ፓምፑም ዝም አለ። ዳዊት ጋ ደወልኩ።

"ማቀዝቀዣውም ቆመ?" አለኝ፣ ልጅ የታመመበት ነው የሚመስለው።

"ሁሉም ነገር ቆሟል እኮ፣ መብራት የለም።"

"ስሚኝ፣ በረዶ በላስቲክ ቋጥረሽ ውኃው ላይ አንሳፍፊ። ከዚያ በጭልፋ እየቀዳሽ ከፍ አድርገሽ መልሰሽ አፍሺው፣ አየር ካላገኙ ያልቃሉ።"

"በወጥ ጭልፋ?"

"በፈለግሽው! ሳሙና ያልነካው ብቻ ይሁን።"

እንዳለኝ አደረግኩ። ከላይ ባለችው ጠባብ መስኮት የበረዶው ነጭ ብርሃን ይገባል፣ እኔ እቀዳለሁ፣ አፈሳለሁ፣ አባባ ያያሉ። መጀመሪያ የሰማሁት ድምፅ ሽሽሽ የሚል ነው፣ ከጣሪያው ላይ በረዶ የተንሸራተተ መሰለኝ። ቆየት ብሎ ደገመ፣ አሁን መጨረሻው ላይ ጠጠር በወንፊት እንደሚነፋ ዓይነት ድምፅ አለው፣ የመጣውም ከጣሪያው ሳይሆን ከፊቴ ነው። ጭልፋዬን ይዤ ቆምኩ። አኒሞኖቹ አንድ በአንድ ተሰበሰቡ፣ ዛጎሎቹ አፋቸውን ገጠሙ፣ ሊሞቱ ነው ብዬ ደንግጬ ጭልፋዬን ስሰድ ውኃው ጋ አልደረሰም።

ወርዷል! ገንዳው ፈሰሰ ብዬ ወለሉ ላይ ተንበረከክሁ፣ ምንጣፉን ዳበስኩ፣ ደረቅ ነው፣ ከገንዳው ሥር እጄን ሰደድኩ፣ ደረቅ። ቀና ስል ድንጋዮቹ ከነአረንጓዴያቸው ወጥተው ያብረቀርቃሉ፣ ውኃው ሽሽሽ ባለ ቁጥር ዝቅ ይላል።

"አባባ! ውኃው!"

"ሸሸ" አሉ።

እመኑኝ፣ ከውኃው ይልቅ ያስደነገጠኝ ይሄ ነው። ድምፃቸው የጥንቱ ነው፣ አልተንተባተቡም።

"የት ሄዶ ነው?"

"ባሕሩ ጋ ነዋ። አትቅጂ፣ ተይው፣ ጊዜው ነው፣ ይመለሳል።"

ከወንበራቸው ያለ ድጋፍ ተነሡና የታመመች እጃቸውን እርጥቡ ድንጋይ ላይ አሳረፉ። ቀዝቃዛ ነፋስ ፊቴን ነካኝ፣ መስኮቱ ዝግ ነው፣ ነፋሱ የጨውና የቅጠል ሽታ አለው፣ እዚያ ቆሜ የቤቱ ግድግዳ ከኋላዬ መኖሩን ረሳሁ፣ በጣም ሰፊ የሆነ ነገር ፊት የቆምኩ ነው የመሰለኝ። አባባ ከገንዳው ማዶ፣ ባዶው ግድግዳ ወዳለበት፣ ቀና ብለው አዩና ሰው እንደጠየቃቸው ሁሉ "አዎ፣ ልጄ ናት" ብለው መለሱ። ከዚያ ሳቁ።

ማን ነው ብዬ ልጠይቅ አልቻልኩም፣ ምክንያቱም ውኃው መመለስ ጀመረ። ከላይ አይደለም የመጣው፣ ከድንጋዮቹ መሀል፣ በትንንሽ ማዕበል፣ አንዱ ሌላውን እየገፋ። እያንዳንዱ ማዕበል ሲነካቸው አኒሞኖቹ ይከፈታሉ፣ ሐምራዊ፣ አረንጓዴ፣ እንደዚያ ተከፍተው አይቻቸው አላውቅም፣ ዛጎሎቹ ገርበብ አሉ፣ ድፍን ገንዳው ተነፈሰ። ፍርሃቴ የት እንደገባ እንጃ። ጭልፋዬን እንደያዝኩ እንባዬ ይወርዳል፣ አፌ ላይ የመጣልኝ ደግሞ "አቤት፣ አቤት" ብቻ ነው።

ውኃው ቦታው ሲደርስ ቆመ። አባባ ተቀመጡ። መብራቱ ትንሽ ቆይቶ መጣ።

ዳዊት ሲመሽ ገባ፣ ኮቱን ሳያወልቅ ወርዶ የውኃውን ሙቀት ለካ፣ ጨውን ለካ፣ ደህና ነው። እኔ የሆነውን ስነግረው ጎንበስ ብሎ ገንዳውን ያያል። ከዚያ በጣቱ ወደ መስታወቱ አመለከተ።

"ይሄን ማን አስገባው?"

ከድንጋዩ ጀርባ ጣት የምታህል ዝንጉርጉር ዓሣ፣ ክንፎቿን እያርገበገበች ታየናለች። ዳዊት ዓሣ አላመጣም። እንቁላሏ ድንጋይ ላይ ተጣብቆ መጥቶ ይሆናል አለ፣ አሁን የተፈለፈለች ግን አትመስልም፣ እሱም ያውቀዋል። ሸርጣኗ ደግሞ የለችም። ድንጋዮቹን አነሣን፣ ሶፋውን አንቀሳቀስን፣ የለችም።

አባባን ማን እንዳናገራቸው ጠየቅኳቸው። "እሺ" አሉኝ፣ ወደ ድሮው ተመልሰው። ሐኪማቸው ንግግር አንዳንዴ ለአፍታ ብልጭ ይላል አሉ፣ ይሁን፣ ተቀበልኩ፣ ስለ ውኃው ግን ለሐኪም ምን ይባላል?

ሌላ ባይጨመር ኖሮ እኔም ቀስ በቀስ ለራሴ ምክንያት እፈልግለት ነበር። ባለፈው ሳምንት ከሥራ ስገባ ዳዊት ፎቅ ላይ ተኝቷል፣ አባባ ቤዝመንት ወንበራቸው ላይ ናቸው፣ ፊታቸው በርቷል። የሸሚዛቸውን እጅጌ ስይዘው ከእጃቸው እስከ ትከሻቸው ድረስ ርሷል፣ ብብታቸው ሳይቀር፣ እጅጌው ሲደርቅም ጨው ሠራ። ገንዳዋን አይቻታለሁ፣ ለእናንተም ነግሬያችኋለሁ፣ ትከሻ የሚያስገባ ጥልቀት የላትም።

ወንበራቸውን ወደ ላይ እናውጣው ብለን ሞከርን፣ የወንበሩን ክንዶች ጨብጠው በልመና ዓይን ሲያዩን ጊዜ ተውነው። አሁን ከሰዓት በኋላ ሲሆን ሥራ ላይ ሆኜ እጄ በድንገት ይቆማል፣ ውኃው በዚህ ሰዓት እየመጣ ነው ወይስ እየሸሸ እያልኩ አስባለሁ፣ እየሸሸ ከሆነም ማንን ይዞ።