አንደኛው በረኛ

እኔን ናኦሚን ያጠፋኝ ምላሴ ነው። ቁጥሩማ ልክ ነበር።

በስደት በምንኖርባት በሄንደርሰን ከተማ፣ በየሰመሩ የሐበሻ ቡድኖች እግር ኳስ ሲጫወቱ ነጥብ የምይዘው እኔ ነኝ። አባቴ አቶ በቀለ የኮሚቴው ሰብሳቢ ነው፤ ስለዚህ ቅዳሜ ማለዳ፣ ፀሐይዋ ሳትበረታ፣ ላፕቶፕ አቅፌ ሜዳ ዳር መቀመጥ ዕጣዬ ሆነ። ማኑን ያወቅኩት እዚያ ነው። ሆቴል ውስጥ የእንግዶች መኪና ፓርክ ያደርጋል፤ ከሌሊት ሺፍት ወጥቶ እንቅልፍ ሳያይ መጥቶ በር ይጠብቃል።

የመጀመሪያ ቀን ጓንቱን እያወለቀ መጣ።

«ስንተኛ ነኝ?»

ቼክ አደረግኩለት። «አንደኛ!»

ሳቀ። ወይኔ አሳሳቁ! ከዚያ ወዲያ በየሳምንቱ ይጠይቀኛል፣ በየሳምንቱ «አንደኛ» እለዋለሁ። ያንን ሳቅ ለማየት ቅዳሜን ቀን እየቆጠርኩ እጠብቅ ነበር። ወድጄዋለሁ፤ ምን ልደብቅ?

ውሸትም አልነበረም። ሁለት ዝርዝር አለኝ። አንዱ በየመጫወቻ ቦታው ነው፤ በረኛ ከበረኛ፣ ተከላካይ ከተከላካይ ጋር ይወዳደራል። እዚያ ማኑን የሚያክል የለም። ሌላው የኮከብ ተጫዋች ነው፤ ሁሉም አንድ ላይ ይደባለቃል። ጎል ላገባ አምስት ነጥብ፣ ኳስ ላዳነ አንድ። እዚያ ማኑ ዘጠነኛ ነው። የማነብለት የበረኞቹን ነበር፤ ያውቃል ብዬ።

ውድድሩ ሊያልቅ አንድ ሳምንት ሲቀረው ማኑ «ሥራ ለቀቅኩ» አለኝ።

«ምን ሆነህ?»

«ሦስቱ ኮከቦች ካሊፎርኒያ ክለብ ለሙከራ ይላካሉ ተብሎ የለ? አንደኛ ሆኜ ልቀር ነው እንዴ? ለእማዬም ነግሬያታለሁ።» እጄን ያዘኝ። «ስመለስ ደግሞ የማወራሽ ነገር አለ።»

የማነብለት የኮከቦቹን ዝርዝር መስሎት እንደኖረ ያኔ ገባኝ። «ዘጠነኛ ነህ» ማለት ሲገባኝ ላፕቶፔን ዘጋሁ።

ቤት ስገባ አባቴን ለመንኩት። «አባዬ፣ በረኛ እንዴት በጎል ይመዘናል? ከየቦታው አንድ አንድ ሰው ላኩ።»

«ልጄ፣ ደንቡን ያጸደቅነው ሰኔ ላይ ነው። ዛሬ ለአንድ ሰው ብለን ብንለውጠው ምን ይሉናል?»

እውነቱን ነው። ምን ላድርግ?

በመጨረሻው ቅዳሜ አባቴ የኮከቦቹን ዝርዝር ዘረጋ። «አንደኛ…» ሲል ማኑ ከወንበሩ ብድግ አለ።

«…አጥቂው አድናን!»

ማኑ እንደቆመ ለአድናን አጨበጨበ። የገደለኝ ያ ጭብጨባ ነው።

መኪናው ጋ ሮጬ ደረስኩበት።

«ከበረኞች ማለቴ ነበር» አልኩት እያለቀስኩ። «እንደተሳሳትክ ሲገባኝ ልነግርህ ነበር፤ አቃተኝ።»

«መቼ ነው የገባሽ?»

«ባለፈው ቅዳሜ።»

«ሳምንት ሙሉ ዝም አልሽኝ?»

«ማኑ፣ እወድሃለሁ እኮ! ለእኔ አንደኛ ነህ!»

ጓንቱን የኋላ ወንበር ላይ ወረወረው። ሳቀ፤ የማውቀው ሳቅ ግን አልነበረም።

«በየትኛው ዝርዝር?»

መልስ ነበረኝ። በልቤ ዝርዝር ላይ ካንተ ሌላ ስም የለም ማለት ብቻ ነበር። ግን የእኔን «አንደኛ» ከእንግዲህ እንዴት ይመን? ከመኪናው ፈቀቅ አልኩ፤ እሱም በሩን ዘጋ።

ፊኒክስ ከተማ ሄዶ ሥራ እንዳገኘ ከሰው ሰማሁ። ዘንድሮ አዲስ የመጣ በረኛ «ስንተኛ ነኝ?» ሲለኝ ላፕቶፑን አዞርኩለት።

«ራስህ አንብበው» አልኩት።