አራተኛው ድምፀ ተአቅቦ

የአቶ ወልደሥላሴ ደብተር እንዲህ ይላል፦ «ረቂቅ አዋጁ በአራት ድምፀ ተአቅቦ፣ በአብላጫ ድምፅ ጸደቀ። ወዲያው መብራት ጠፋ።»

ነቢዩ ደግሞ እንዲህ ይላል፦ «ድምፀ ተአቅቦ ያደረጉት ሦስት ናቸው። አራተኛው ሰውዬ እጁን ያወጣው የመናገር ዕድል ፈልጎ ነው። መብራት መጥፋቱ ላይ ግን እንስማማለን።»

አገር ምድሩ በዚህ ጉዳይ እንቅልፍ አላጣም። አዋጁ ጸድቋል፤ ዜናውም «በአብላጫ ድምፅ» ብሎ አልፎታል። ሦስት ይሁን አራት ብሎ የተከራከረ በጅግጅጋ ከተማ ሁለት ሰው ብቻ ነው። ክፋቱ፣ አንደኛው የሶሲና አባት፣ ሌላኛው ደግሞ ሶሲና ሐሙስ በመጣ ቁጥር ፀጉሯን ሁለት ጊዜ የምታበጥርለት ሰው መሆኑ ነው።

የባሰው ክፋት ደግሞ፣ እውነቱን የምታውቀው እሷ ብቻ መሆኗ ነበር።

አቶ ወልደሥላሴ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በመሥሪያ ቤት ቃለ ጉባኤ ሲይዙ ኖረዋል። ጡረታ ወጡ፤ እጃቸው ግን ጡረታ አልወጣም። የቤታቸውን የመንገድ ዳር ክፍል የፎቶ ኮፒና የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ አደረጓት፤ ከኮፒ ማሽኑ በላይ ቴሌቪዥን ሰቀሉ። ማክሰኞና ሐሙስ ፓርላማው በቀጥታ ሲተላለፍ መነጽራቸውን ጠርገው፣ ደብተራቸውን ዘርግተው ይቀመጣሉ። ስንት ሰዓት እንደተከፈተ፣ አጀንዳው ምን እንደነበር፣ ማን ጠየቀ፣ ማን መለሰ፣ ስንት እጅ ወጣ፣ አንዱም አያልፋቸው። አሥራ አንድ ደብተር ሞልተዋል።

«ማን ሊያነበው ነው?» ትላለች ሚስታቸው እናትአለም።

«ሳይጻፍ የቀረ ነገር እንዳልተባለ ነው» ይላሉ እሳቸው፣ ቀና ሳይሉ።

ክርክሩ በተነሣበት ቀን ቀርቦ የነበረው ስለ እንስሳት ግብይት የወጣ ረቂቅ አዋጅ ነው። ጅግጅጋ ላይ ግመልና ፍየል የማይመለከተው ሰው ስለሌለ ሰፈሩ ሁሉ ቴሌቪዥን ከፍቷል። አንድ አቧራ የለበሰ ወጣት ዲግሪውን ኮፒ ሊያስደርግ ገባ። ነቢዩ ነው፤ ሸደር ስደተኞች ጣቢያ መዝጋቢ ሆኖ ይሠራል፤ በጅቡቲ ድንበር ደወሌ ጉምሩክ ክፍት ቦታ ወጥቶ ሊያመለክት ነው።

«ሁለት ኮፒ፣ እህቴ።»

«ሽሽሽ!» አሉ አቶ ወልደሥላሴ። «ድምፅ እየተሰጠ ነው!»

ሶሲና ሳቋን አፍና ዲግሪውን መስታወቱ ላይ አስቀመጠችና፣ ማሽኑ እስኪሞቅ ከጎረቤት የተዋሰችውን ፔርሙዝ ልትመልስ ወጣች። ጎረቤታቸው ጀዕፈር ጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ነው፤ ሱቁ በሶላር ስለሚሠራ መብራት ጠፋ አልጠፋ አይገደውም። እሱ ለአንዲት ደንበኛው ድሪ የሚባለውን የሶማሌ ቀሚስ ጨርቅ ሊቆርጥ ክንዱን ዘርግቶ እየለካ ነበርና የራሱን ቴሌቪዥን አልሰማም። ሶሲና ግን ፔርሙዟን ይዛ እንደቆመች የአፈ ጉባኤው ድምፅ ጥርት ብሎ ደረሳት። «በሦስት ድምፀ ተአቅቦ፣ በአብላጫ ድምፅ ጸድቋል።»

ስትመለስ፣ አፈ ጉባኤው ውጤቱን ሳይናገር መብራት ጠፍቶ ሱቁ ጨልሟል፤ ክርክሩ ጦፏል።

«አራት!» ይላሉ አባቷ።

«ይቅርታ ጋሼ፣ ሦስት ናቸው። ከኋላ ያሉት ሰውዬ መናገር ፈልገው ነው።»

«አንተ ልጅ፣ አንተ ሳትወለድ እጅ ቆጥሬያለሁ!»

«አልጠራጠርም፣ ጋሼ። ግን ሦስት ናቸው።»

አቶ ወልደሥላሴ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ሶሲና፣ አንቺስ?»

የአባቷን ፊት አየችው። ዓይናቸውን ሐረር ሄደው ኦፕራሲዮን ከተደረጉ ዓመት አልሞላቸውም። ከዚያ ወዲህ መርፌ ክር ሲያስገቡ፣ የመንገድ ማዶ ሰው በስም ሲጠሩ፣ «አየሽ? አያለሁ!» ይላሉ፤ ማንም ሳይጠይቃቸው። አሁን እስክሪብቷቸው ደብተሩ ላይ ቆሞ ይንቀጠቀጣል።

«እኔ አላየሁም» አለች።

አልዋሸችም። ሰማች እንጂ አላየችም።

በሳምንቱ ሐሙስ ነቢዩ ተመልሶ መጣ። መሥሪያ ቤቱ ሪፖርት እንዲያደርስ በየሐሙሱ ወደ ከተማ ይልከዋል። መታወቂያውን አውጥቶ «አንድ ኮፒ» አለ። በቀጣዩም ሐሙስ ያንኑ መታወቂያ፤ በሦስተኛውም።

«ይኼ መታወቂያ ስንት ልጅ ወለደ?» አለች ሶሲና።

«ፊቴን እንዳትረሺው ብዬ ነው።»

«ኮፒው እንደሆነ ጥላሸት አስመስሎሃል።»

«ታዲያ ዋናውን እይዋ!»

አየችው። ቶሎ መንቀል የሚገባትን ዓይን አልነቀለችም። ማሽኑ ባዶ ወረቀት ሲያወጣ ነው የነቃችው። ከደብተሩ ጀርባ ጉሮሮ የመጥረግ ድምፅ ተሰማ።

«ሦስት ያልከው አንተ ነህ አይደል?» አሉ አቶ ወልደሥላሴ።

«አዎ ጋሼ።»

«ዛሬም ሦስት ነው?»

«ዛሬም ሦስት ነው፣ ጋሼ።»

«ሂሳቡን ከፍለህ ሂድ።»

በዚህ ሁኔታ አምስት ወር አለፈ። ምሳ ሰዓት ላይ ሁለቱ ወደ ገበያው የሚወስደውን መንገድ ይዘው ይወርዳሉ። የጅግጅጋ ነፋስ ሻሿን ሲገፋት እሱ በነፋሱ በኩል ይዞር ነበር፤ ምንም ሳይል፣ እንደ ግድግዳ። ይህን ልማዱን ከቃሉ ሁሉ አብልጣ ወደደችው።

አንድ ቀን ጠየቀችው። «ለምን አራት ብለህ አትገላገለውም? አንድ እጅ ምንህ ናት?»

«ሸደር ሥራዬ ምንድነው? ሰው መመዝገብ። አንዲት እናት አምስት ልጅ ይዛ መጥታ እኔ አራት ብዬ ብጽፍ አምስተኛው ራሽን የለውም። አንድ ጊዜ ተሳስቼ አይቼዋለሁ፤ ልጁን ፈልጌ እስካስመዘግበው ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። ከዚያ ወዲህ አንድ ትንሽ ቁጥር አይመስለኝም።» ሳቅ አለ። «አባትሽ ደግሞ ከእኔ ይብሳሉ። የሚያበሳጨኝ እሱ ነው፤ በአገሩ ሁሉ እኔን የሚመስል ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው።»

ሶሲና መሬት መሬት አየች። ልትነግረው አፏ ድረስ ደርሶ ተመለሰ። ለእሱ ብትነግረው አባቷን የከዳች መሰላት። ለአባቷ ብትነግር ደግሞ «ዓይንህ አያይም» ማለት ነው።

የደወሌው ሥራ መጣ። ሰኞ ሥራ መጀመር፣ ዓርብ ጠዋት መንገድ። ነቢዩ ደብዳቤውን በሁለት እጁ ይዞ ሱቁ በር ላይ ቆመ።

«አንድ አጀንዳ ነበረኝ» አላት።

«አስቸኳይ ነው?»

«ለመጀመሪያ ንባብ ነው። ዛሬ ውሳኔ አይሰጥበትም።»

«በል አንብበው።»

«ደወሌ ሙቀቱ ድንጋይ ላይ እንቁላል ይጠብሳል ይላሉ። ከባቡር፣ ከከባድ መኪናና ከጉምሩክ በቀር ብዙ ነገር የለም። ብቻዬን ግን…» ቃል አጠረው። «ብቻዬን አልሄድም ልል ነበር፤ ብቻዬንም መሄዴ አይቀርም። ብቻዬን መሄድ አልፈልግም። ሽማግሌ ልላክ?»

ሶሲና የደብዳቤውን ጫፍ ይዛ ከእጁ ሳብ አደረገችና፣ መስታወቱ ላይ አስቀምጣ ሁለት ኮፒ አወጣች። አንዱን ሰጠችው፤ አንዱን አጥፋ ደረቷ ውስጥ ከተተችው። ነቢዩ መልሱ ገባው።

ሽማግሌ ደንቡ እሁድ ነው። ዓርብ መንገድ ላለበት ሰው ግን እሁድ ሩቅ ነውና ሐሙስ ጠዋት መጡ። አንደኛው ጋሽ ሀብተየስ፣ የሰፈሩ ዕድር ሰብሳቢ ናቸው፤ ሁለተኛው ጎረቤታቸው ጀዕፈር ነው፤ ነቢዩ ራሱ «ጋሼ ከእሱ የበለጠ የሚሰሙት ሰው የለም» ብሎ ለምኖታል። ሙሽራ ከሽማግሌ ጋር አይመጣምና እሱ በጀዕፈር ሱቅ፣ ከጨርቅ ጥቅል መሃል ተቀምጦ ይጠብቃል።

«ተቀመጡ» አሉ አቶ ወልደሥላሴ፣ ዓይናቸውን ከቴሌቪዥኑ ሳይነቅሉ።

«ቃላችንን ሳትሰማ አንቀመጥም» አሉ ጋሽ ሀብተየስ፣ እንደ ወጉ።

«ጉባኤው ሳይዘጋ ቃል አልሰማም።»

ሁለቱ ወጎች ፊት ለፊት ተፋጠጡ። ሽማግሌዎቹ ሳይሰሙ አይቀመጡም፤ ሰውየው ፓርላማው ሳይነሣ አይሰሙም። ሚኒስትሩ ሪፖርት አቀረበ፤ ጥያቄ ተጠየቀ፤ ማብራሪያ ተሰጠ፤ ተጨማሪ ጥያቄ ተጠየቀ። ጀዕፈር ክብደቱን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው አዛወረ።

«ወላሂ ወልደሥላሴ፣ ፓርላማው እንኳ ለሻይ ይወጣል!»

«ዛሬ ሳይወጡ ነው የሚጨርሱት።»

«ታዲያ እኛ ስንት ሰዓት ነው የምንጸድቀው?»

ከጓዳው በር ጀርባ እናትአለም ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። ሶሲና ግን አልሳቀችም።

በመጨረሻ ጉባኤው ተዘጋ። አቶ ወልደሥላሴ ሰዓቱን ጻፉ፤ ከሥሩ አሰመሩ፤ መነጽራቸውን አወለቁ።

«አሁን ቃላችሁን እሰማለሁ።»

ጋሽ ሀብተየስ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጅህን ለልጃችን ለነቢዩ እንድትሰጠን መጥተናል። ልጁ ጨዋ ነው፤ የተማረ ነው።»

«ልጁን አውቀዋለሁ» አሉ አቶ ወልደሥላሴ። «አንድ ጥያቄ አለኝ። እሱ ራሱ ይምጣና ይመልስ።»

«ኸረ ወግ አይደለም!»

«ሽማግሌ ሐሙስ መላክስ ወግ ነው?»

ጀዕፈር «ሀዬ፣ ሀዬ፣ እሺ» ብሎ ወጣ፤ በደቂቃ ውስጥ ነቢዩን እየገፋ አስገባው። በመንገድ ላይ ጆሮው ላይ የሾከሾከው ለሁሉም ተሰምቷል፦ «አራት በል፤ አላህ ይቅር ይልሃል!»

አቶ ወልደሥላሴ ሰባተኛውን ደብተር አውጥተው፣ ገጹን ገልጠው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። «ስንት ነበሩ?»

ነቢዩ ደብተሩን አየ፤ ከዚያ ሶሲናን አየ። ዓይኑ ይቅርታ ይለምናል። መልሱን ገና ሳይናገር አወቀችው።

«ሦስት ነበሩ፣ ጋሼ።»

«በስመ አብ!» አሉ ጋሽ ሀብተየስ። ጀዕፈር ግንባሩን ያዘ።

«ለልጄ ስትል አንዲት እጅ አትጨምርም?»

«ለእሷ ስል ነው የማልጨምረው። ዛሬ እርስዎን ደስ ለማሰኘት ከዋሸሁ፣ ነገ እሷን ደስ ለማሰኘት እዋሻለሁ። ከዚያ ቃሌ ለማን ይሆናል?»

አቶ ወልደሥላሴ መነጽራቸውን አደረጉ፤ መልሰው አወለቁ። ሲናገሩ ድምፃቸው ዝቅ ብሏል፤ ለሰው የሚናገሩም አይመስሉም። «ታዲያ እኔ ያየሁት ምን ነበር? ዓይኔ ነዋ…»

ሶሲና ከጓዳው በር ወጣች። ሽማግሌ ባለበት ሴት ልጅ እንዲህ አትወጣም፤ እናቷ ቀሚሷን ልትይዝ ሞክራ አመለጠቻት።

«አባባ፣ ዓይንህ ልክ ነው። አራት እጅ ነበር የወጣው፤ አንድም አልሳትክም። ነቢዩም እኮ አራተኛው እጅ አልነበረም አላለም፤ ለሌላ ነገር ነው የወጣው ነው ያለው። አፈ ጉባኤው ሦስት ሲሉ እኔ ጀዕፈር ሱቅ ሆኜ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

«ያን ጊዜ ስጠይቅሽ አላየሁም አላልሽም?»

«አላየሁማ! ሰማሁ። እጅህ ሲንቀጠቀጥ አየሁና አንተን እንዳልጎዳህ ዝም አልኩ። እሱንም እንዳላጣው ዝም አልኩ። አምስት ወር ሙሉ ለአንዳችሁም ሳልፈርድ ከመሃል ቆምኩ። እንግዲህ አራተኛው ድምፀ ተአቅቦ ያለው እዚህ ሱቅ ውስጥ ነው፤ እኔ ነኝ።»

ነቢዩ አፉን ከፍቶ ቀርቷል።

አቶ ወልደሥላሴ ልጃቸውን ብዙ ጊዜ አዩዋት። ከዚያ ቀይ እስክሪብቶ አንሥተው በሰባተኛው ደብተር ላይ «አራት» የምትለውን ቃል በአንድ ቀጭን መስመር ሰረዙ፤ ከላይዋ «ሦስት» ብለው ጻፉ፤ ከጎኑ ፈረሙበት። «ማረሚያ ላይ ይፈረማል» አሉ ለነቢዩ፣ ኮስተር ብለው። «ደወሌም ስትሄድ እንዳትረሳ።»

ጀዕፈር ቀድሞ ገባው። «አልሐምዱሊላህ፣ ልቀመጥ ነው!» ብሎ ወንበር ሳበ።

«ቆይ ጀዕፈር፣ አልጨረስንም።» አቶ ወልደሥላሴ የዕለቱን ደብተር ስበው ንጹሕ ገጽ ገለጡ። ቀኑን ጻፉ፤ ሰዓቱን ጻፉ፤ «አጀንዳ አንድ» ብለው አሰመሩ። እጃቸው አልተንቀጠቀጠም። «በዚህ ቤት ከዛሬ ጀምሮ ድምፀ ተአቅቦ የለም። ልጄ፣ በገዛ አፍሽ ተናገሪ፤ እኔ እጽፋለሁ።»

ሶሲና ነቢዩን አየችው። ከበሩ በኩል ነፋስ እየገባ ወረቀቶቹን ሲያነሣሣ፣ እሱ ሳያስበው አንድ እርምጃ ተራምዶ በነፋሱና በእሷ መሃል ቆሟል። ቀኝ እጇን እዚያ ቴሌቪዥኑ ውስጥ እንዳሉት ሰዎች ከፍ አደረገች።

«ደግፌያለሁ» አለች። «ነቢዩን አገባለሁ፤ ደወሌም አብሬው እሄዳለሁ።»