ብቸኛው ትክክለኛ መልስ

መምሬ ወልደ ዮሐንስ ጠዋት አልጋቸው ላይ ደርቀው ተገኙ። ከቡሬ ወጣ ብሎ ባለው መንደር «ዐረፉ» ተባለ። የሰባ ስምንት ዓመት ሽማግሌ፣ ያውም የገዛ ልጁ ስም እንኳ የጠፋበት፣ ሲሞት ማን ይጠይቃል? የጠየቀው ሐኪሙ ነው። ከጥርሳቸው መካከል የጋቢ ክር አወጣና ፖሊስ ጠራ።

ኢንስፔክተር ሰርካለም ስትደርስ ለቀስተኛው ፈርዶ ጨርሷል። ገዳይዋ ልጃቸው አስካለ ማርያም ናት፤ ሳታገባ ሃምሳ ያለፋት፣ አባቷን ስታጥብ ስታጎርስ የኖረች። «መረራት» ይባላል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና እሷ አልሰማችም። የመምሬ የንስሐ ልጅ፣ ጎረቤታቸው ባምላኩ፣ ከእሷ አብልጦ ያለቅሳል።

ነርሷ ሕሊና የአዲስ አበባ ልጅ ናት። የመርሳት በሽታ ጠባይንም ያበላሻል ብላ አስረዳች። መምሬ ሲመሽ ይቆጡ፣ ይማቱ፣ ያለቅሱ ነበር። ስለዚህ ማታ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ አእምሮ ማነቃቂያ ታሠራቸዋለች፤ ባቄላ ከአተር ታስለያቸዋለች፣ የድሮ ፎቶ ታሳያቸዋለች፣ ቀኑን ትጠይቃቸውና መልሱን ደብተር ላይ ትጽፋለች። ዱላው ቀረ፤ ልቅሶው አልቀረም።

በሞቱ ዕለት ሕሊና ለሥልጠና ፍኖተ ሰላም ነበረች፣ አስካለ ገበያ። ባምላኩ «እኔ አሠራቸዋለሁ» ብሎ ተተካ። እሱ እንደሚለው በሰዓቱ አሠርቶ፣ በሰላም አስተኝቶ ወጣ። መንገድ ላይ ላገኛት አስካለም «ተኝተዋል፣ እንዳትቀሰቅሻቸው» አላት። ከዚያ ወዲያ ቤት የነበረችው እሷ ብቻ ናት።

ሰርካለም ደብተሩን ገለጠች። «ዛሬ ማን ነው?» ለሚለው ጥያቄ የአርባ ማታ መልስ፣ አርባ ቀይ ኤክስ። በመጨረሻው ማታ ግን በባምላኩ ጽሕፈት «ኅዳር 11፣ ሐና» ይላል። ትክክል ነው።

ከቀብር መልስ ሦስቱን ሰበሰበቻቸው።

«ሕሊና፣ ኅዳር 10 ማታ ምን አሉሽ?»

«ሐና አሉኝ። ቀኑ ግን መስቀል ነበር፤ ተሳስተዋል።»

«የተሳሳትሽው አንቺ ነሽ። ለቄስ ቀኑ የሚገባው ጀምበር ስትጠልቅ ነው። የልጃቸው ስም ጠፍቷቸው ይህ አልጠፋቸውም። አርባውን ማታ የነገውን ጠሩ። በሞቱበት ማታም ሚካኤል ማለት ነበረባቸው።»

ባምላኩ ጉሮሮውን ጠረገ። «ያን ለት ልባቸው መለስ ብሎላቸው ነበር።»

«ልባቸው ቢመለስማ ይበልጥ ቄስ ይሆኑ ነበር» አለች ሰርካለም፤ አንቱታውንም ተወችው። «አንተ ገበሬ ነህ፣ ቀንህ በንጋት ይጀምራል። መልሱ ያንተ ነው። ስትጽፈው እሳቸው በጋቢያቸው ታፍነው ሞተው ነበር።»

ቀጥላ የተናገረችው አስካለ ናት። ባለፈው እሑድ የመልካሙን ፎቶ ሲያዩ አባቷ ባምላኩን «የወንድምህን ቀኖና ጨረስህ?» ብለውት ነበር። እሷ የበሽታ ወሬ መስሏት አለፈችው። መልካሙ የባምላኩ ታናሽ ነው፣ የእሷም እጮኛ። ነቀምት ለሥራ ሄደ ተብሎ ሠላሳ ዓመት ጠብቃዋለች።

ባምላኩ አንገቱን ደፋ። «በድንበር ተጣልተን በዱላ መታሁት። ከበረቱ ሥር ነው ያለው። ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው፣ ሠላሳ ዓመት ያዙልኝ። ይቺ ማነቃቂያ ፈታቻቸው።»

«አባቴ ያውቁ ነበር?» አለች አስካለ።

የንስሐ ምስጢር እንደማይወጣ የቄስ ልጅ አታጣውም። ግን በየዓመቱ «መልካሙ በሰላም እንዲመለስ ይጸልዩልኝ» ስትላቸው «እሺ ልጄ» ይሏት ነበር።

ደብተሩን ከሰርካለም እጅ ወሰደች። ሕሊና በየገጹ ግርጌ፣ ስሜት በሚለው ቦታ፣ «የመልካሙን ፎቶ ሲያዩ ያለ ምክንያት ያለቅሳሉ» ብላ ጽፋለች። አስካለ ቀዩን እስክሪብቶ ከነርሷ ኪስ መዘዘችና «ያለ ምክንያት» የሚለው ላይ ኤክስ አደረገች። ገጹን ገልጣ ቀጣዩም ላይ አደረገች። አርባውን እስክትጨርስ ማንም ከቦታው አልተነሣም።