የክብሪት ቀፎው

ንብ አናቢው አባቷ «እሜቴ ኤጭ» እያለ ነው ያሳደጋት። ወተቱ ላይ ሰፈፍ ከታየ ኤጭ፣ ሳሙናው ላይ ፀጉር ከተገኘ ኤጭ! እንግዲህ የዚችን ልጅ መከራ አስቡት፤ አድጋ ለወግ በደረሰች ጊዜ የአባቷን አሥር ቀፎዎች ፈንገስ ገባባቸው።

እጮቹ በየክፍላቸው እንዳሉ ይሞታሉ። መጀመሪያ ይልሞሰሞሳሉ፣ ከዚያ ጥጥ የመሰለ ሻጋታ ይወርሳቸዋል፣ በመጨረሻ እንደ ጠመኔ ይደርቃሉ። ንቦቹ እየጎተቱ ደጃፍ ላይ ይጥሏቸዋል። ባየቻቸው ቁጥር «ኤጭ!» ብላ ፊቷን ታዞራለች።

በሽታውን ሊመረምር ከላቦራቶሪ የመጣው ወጣት ግን በባዶ እጁ ለቀም ለቀም አድርጎ በክብሪት ቀፎ ከተታቸውና የደረት ኪሱ ውስጥ ሸጎጠ። በዚያው እጁ ዳቦ ቆርሶ ጎረሰ።

«ኧረ በፈጠረህ ታጠብ!» አለች አፍንጫዋን ይዛ።

«ሰው ላይ አይተላለፍም እኮ።»

«እኔ ላይ ተላልፏል፤ ሊያስታውከኝ ነው!»

ከዚያን ቀን ጀምሮ «ሻጋታው» አለችው። ስም አወጣችለት እንጂ ዓይኗ ከሱ አልተነቀለም። ሲስቅ ከአፉ በፊት የሚስቀው ዓይኑ መሆኑን አየች። ማየቷም አናደዳት።

ሻጋታው ይዞት የመጣው መድኃኒት ከቅጠል የተጨመቀ ነው፤ ፈንገሱን ይገድላል፣ ንቡንና ማሩን አይነካም ተብሎ ተስፋ የተጣለበት። ለአምስቱ ቀፎዎች በስኳር ውኃ በጥብጦ ይሰጣቸዋል፣ ለቀሩት አምስት ስኳር ውኃው ብቻ። የትኞቹ መድኃኒት እንደሚያገኙ አልነገራትም። የሷ ሥራ በየማለዳው የወደቁትን እጮች አንስታ መቁጠርና ደብተር ላይ መጻፍ ነበር። አባትየውም ቁርጡን ተናግሯል፤ በሦስት ሳምንት ለውጥ ካልታየ፣ በሽታው ወደ ጎረቤት ሳይዛመት ቀፎዎቹን ሁሉ ያቃጥላቸዋል።

ሦስት ሳምንቱ አለቀ። ሻጋታው የደብተሩን ቁጥር ደመረ፣ እንደገናም ደመረ። ፊቱ አመድ መሰለ።

«ሁሉም እኩል ነው» አለ። «መድኃኒቱ ምንም አልሠራም።»

አባትየው ማቃጠያ ጋዝ ሊያመጣ ወጣ። ወጣቱም ዕቃውን መሸከፍ ጀመረ። ልጅቷ ደብተሩን አነሳች።

«አልቆጠርኳቸውም» አለች።

«ምን አልሽ?»

«ዘገነኑኝ! ሁለት ቀን ሞከርኩ፣ አስታወከኝ። ከዚያ በመጥረጊያ እየጠረግሁ እየጣልኩ አፌ ላይ የመጣልኝን ቁጥር ጻፍኩ።»

ደብተሩን ተቀብሎ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ አያቸው።

«እኔን መጸየፍሽ ግድ የለም» አለ በመጨረሻ፤ «ንቦቹ ግን ምን አደረጉሽ?»

«አንተን መቼ ተጸየፍኩ!»

ከአፏ አመለጣት። ሁለቱም መሬት መሬቱን አዩ። አባትየው ለካ ጀሪካኑን እንደያዘ በሩ ላይ ቆሞ ሁሉንም ሰምቷል።

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» አለና ጀሪካኑን አስቀመጠ። «ሌላ ሦስት ሳምንት ጨምሬያለሁ። አንቺ ግን እሜቴ ኤጭ፣ በእጅሽ ነው የምትቆጥሪው!»

ቆጠረች። እያቅለሸለሻት፣ ዓይኗን እየጨፈነችና እየገለጠች ቆጠረች። ጓንቱ ሲያንሸራትታት አውልቃ ወረወረችው። አንድ ጠዋት ሰባተኛው ቀፎ ሥር ሠላሳ ሁለት፣ ሦስተኛው ሥር አራት ብቻ አገኘች። ደብተሩን ይዛ ሮጠች።

«ሦስተኛው መድኃኒት የሚጠጣው ነው አይደል?»

«አልነግርሽም» አላት። ዓይኑ ግን ሳቀ።

በመጨረሻው ማለዳ ያችኑ የክብሪት ቀፎ ከኪሱ አውጥቶ ዘረጋላት።

«ክፈቺው።»

«ኤጭ! ሞቼ ነው የምከፍተው!»

«ግድ የለሽም።»

ፊቷን አዙራ በሁለት ጣቷ ገፋችው። ባዶ ነበር። መድኃኒት ከጠጡት ከአምስቱ ቀፎዎች ደጃፍ የሚለቅመው አጥቷል። የቀሩት አምስቱም ከዛሬ ጀምሮ ይጠጣሉ።

«ታዲያ አባቴን ‹ልጅህን ስጠኝ› የምትለው በባዶ የክብሪት ቀፎ ነው?» አለችው።

«ሞልቼው ልምጣ?»

«ኤጭ!»

እየሳቀ እጁን ሊታጠብ ወደ ቧንቧው ዞረ። ሳይታጠብ ያዘችው።