የሚቃጠለው የዓመት ፈቃድ

መጋዘኑ ውስጥ ከካርቶን ክምር ሥር የሚታየው የሟቹ የተፈነከተ ጭንቅላት ብቻ ነበር። ካርቶኖቹ «ሞተር» የሚል ታትሞባቸዋል፤ ማንም አልነካቸውም። ሟቹ የፓምፕ ፋብሪካው የሠራተኛ አስተዳደር ኃላፊ ነው።

ሥራ አስኪያጁ «ክምሩ ተንዶበት ነው» ብሎ መርማሪዋን ጠራ። ወስፌ ይሏታል፤ ተራራ እንኳ ቢዋሻት ሆዱን ወግታ እውነቱን ታፈሰዋለች። ከፀሐይ በታች እንደሷ ያለ መርማሪ የለም፤ ካለም አፍሮ ተደብቋል።

ሟቹ ሰሞኑን ያልተወሰደ የዓመት ፈቃድ እንደሚቃጠል መመሪያ አውጥቶ፣ ግቢው በሙሉ ረግሞት ነበር።

«እኔ ብሆን በመኪና ነበር የምድጠው፤» አለ ሾፌሩ ሳይጠየቅ።

ወስፌ ወደ መካኒኳ ዞረች። «እናትሽ ታማለች አሉ።»

«ጣር ላይ ናት። ፈቃድ ብጠይቀው ሥራ በዝቷል አለኝ። ካልወሰድኩት ደግሞ ያቃጥለዋል።» መካኒኳ ግድግዳውን እያየች ነው የምታወራው። «ልሂድ ወይስ ልታሰር? አንዱን ንገሪኝ።»

«ትንሽ ጠብቂኝ እህቴ።»

የመጋዘን ኃላፊው ሽማግሌ ናቸው። ፈቃድ ወስደው አያውቁም፤ ትኩሳት ሲያነዳቸው እንኳ ቁልፋቸውን ይዘው ይመጡ ነበር።

«እርስዎስ ጋሼ? አልተናደዱበትም?»

«ለምን ልናደድ ልጄ? እኔንማ ከሰኞ ጀምሮ በግድ ይረፉ ብሎኛል። ደግ ሰው ነበር።»

«እስቲ ክምሩን አንሡልኝ።»

ሽማግሌው ጉልበታቸውን አጠፍ አድርገው፣ «እህህ» እያሉ አንዱን ካርቶን አነሡ። ወስፌ ቀጥሎ ያለውን በአንድ ጣቷ ገፋችው። እንደ ላባ ሄደ።

እዚያው ሁሉንም ሰበሰበቻቸው።

«ባዶ ካርቶን ሰው አይገድልም። መጀመሪያ ተመታ፤ አደጋ እንዲመስል ካርቶን ተከመረበት። ሌላ ሰው ቢሆን አንዱን እንዳነሣ ባዶ መሆኑን አውቆ ዘዴውን ይተወው ነበር። ጋሼ ግን ሰው እንዳይነቃባቸው ባዶውን እያቃሰቱ ሲያነሡ ኖረው፣ ክብደቱን ራሳቸውም አመኑት። አሁን እንኳ አቃሰቱ።»

«ወገቤን አሞኝ ነው።»

«ታዲያ ወገቡን ያመመው ሰው ዕረፍት ይጠላል?»

ሽማግሌው ቁልፋቸውን ጨበጡ።

«ፈቃዱ የሚቃጠልበት ሰው ቢገድለው ምን ያገኛል? ሰውየው ቢሞት መመሪያው አይሞት። በግድ ዕረፍ የተባለ ግን ቁልፉን ለሌላ ሰው ያስረክባል። ያ ሰው አንድ ካርቶን ካነሣ፣ ሞተሮቹ በጋሼ እጅ ተሽጠው ማለቃቸውን ያውቃል።»

ሽማግሌው ወለሉ ላይ ተቀመጡ። «አታስወጣኝ ብዬ ለመንኩት። ሕግ ነው አለኝ። በመፍቻ መታሁት።» ድምፃቸው ስለ አየር ሁኔታ የሚያወራ ሰው ድምፅ ይመስል ነበር። ፖሊሶች ወሰዷቸው።

ሥራ አስኪያጁ ጉሮሮውን ጠረገ። «አንቺ የፈቃድ ቅጽ ሙይና ሂጂ፤» አላት መካኒኳን።

«ማን ይፈርምልኛል?»

ሥራ አስኪያጁ የፈራሚውን አስከሬን አየ። መካኒኳ የሥራ ልብሷን አውልቃ ሥራ አስኪያጁ ክንድ ላይ ጣል አደረገችና ወጣች።